ሁለት እምቢታ፣ ዘጠና ሰባት ጥቅል በቆሎ

በእኛ ሰፈር ሰው «ላግዝህ» ካለህ መጀመሪያ እምቢ ትላለህ። ሁለተኛ ሲጠይቅህም እምቢ ትላለህ። ሦስተኛ ሲጠይቅህ ጫማህን እያየህ «እንግዲህ ካላስቸገርኩህ» ትላለህ። ሕጉ የትም አልተጻፈም። ግን በዚህ በዊስኮንሲን፣ ቢያንስ ከእኛ ሸለቆ እስከ ትልቁ ወንዝ ድረስ፣ ለአንድ ቁራጭ ኬክም ለተቃጠለ ጎተራም የሚሠራው እሱ ነው። በመጀመሪያው ጥያቄ «እሺ፣ አምጣ» ያለ አንድ ሰው አውቃለሁ። ከጎረቤት ክፍለ አገር ከአዮዋ የመጣ ነው። እዚህ ከገባ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ እስከ ዛሬ «አዲሱ ሰውዬ» ነው የሚባለው።

ይህን ማውራቴ ላሞቼን ላጣ ትንሽ የቀረኝ በዚሁ ሕግ ምክንያት ስለሆነ ነው። እርግጥ ድርቁም ነበረበት። ድርቁ ግን የሁላችንም ነበር፤ ሞኝነቱ ነው የግሌ።

ስሜ ቨርሊን ነው። ሃያ ስድስት የሚታለቡ ላሞች አሉኝ። ባለቤቴ አርሊስ የትምህርት ቤት አውቶብስ ትነዳለች፤ ስልሳ ልጆችን በመስታወት እያየች ዝም ማሰኘት የምትችል ሴት ናት፤ እኔንም በዚያው መስታወት ነው የምታየኝ። በዚያ ዓመት ሰኔ ላይ ዝናቡ ቀጥ አለ። የመጀመሪያውን ድርቆሽ በደህና አጨድን፣ ሁለተኛው ግማሽ ሆነ፣ ሦስተኛው ከመሬት ቀና ሳይል ቀረ። የተረፈችን ዘጠኝ ኤከር በቆሎ ነበረች። እሷም ቁመቷ ትከሻዬ ላይ ቆመ፤ እኔ ደግሞ ረጅም አይደለሁም።

እንዲህ ያለ በቆሎ ለእህል አይሆንም። ለገፈራ ግን ይሆናል። ከነአገዳው፣ ከነቅጠሉ፣ ከነዛላው በእርጥቡ ይከተፍና አየር እንዳያገኘው ታምቆ ይኮመጥጣል፤ ላሞች የበረዶውን ወራት በሙሉ እሱን ይበላሉ። አባቴ የሠራው የሲሚንቶ ግንብ ለዚሁ ነበር። ግንቡ ዛሬም አለ። ከሦስት መንገድ ይታያል፤ ባዶ መሆኑም ከሦስቱም መንገድ ይታወቃል። የጠፋው መክተፊያው ነው። የአባቴ መክተፊያ ባለፈው ዓመት ማርሹ ተሰባብሮ ወደ ቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ሄደ።

መክተፊያ ያለው ጎረቤቴ ዴልማር ነው። ነሐሴ መግቢያ ላይ አጥሩ ጋ ቆመን ደመናውን እየሰደብን ሳለ፣

«መክተፊያውን ይዤ ልምጣልህ፤ በአንድ ቀን ያልቃል» አለኝ።

«አይ፣ አትቸገር» አልኩት። አንድ።

በመሃል አጎቴ ኦስካር አረፈ። ከቀብሩ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት የካም ሳንድዊች እየበላን ዴልማር ትከሻዬን ነካ አድርጎ «ምንም ነገር ቢያስፈልግህ አለሁ፣ መክተፊያውም ቢሆን» አለኝ። አመሰገንኩት፤ ምንም አያስፈልገኝም አልኩት። ቀብር ላይ የሚባል ነው።

ከዚያ አንድ ዓርብ ማታ መጠጥ ቤቱ ውስጥ የተጠበሰ ዓሣ ስንበላ ከጎረቤት ጠረጴዛ ዘወር ብሎ፣

«ያንን በቆሎ ምን ልታደርገው ነው? መክተፊያው እኮ ቆሟል» አለኝ።

«ግዴለም፣ እኔ አንድ ነገር አደርጋለሁ» አልኩት። ሁለት።

ዓሣዬን በደስታ ጨረስኩ። የቀረው ሦስተኛው ብቻ ነበር።

ሦስተኛው አልመጣም።

ሳምንት አለፈ። በቆሎው ከታች ቅጠሉ እየጠወለገ ነበር። ገፈራ እርጥበቱ ካለፈበት አይታመቅም፣ ካልታመቀ ይሻግታል። በዴልማር ግቢ በኩል በትራክተር ባለፍኩ ቁጥር ዝግ እያልኩ ጣቴን ከመሪው ላይ አነሳለሁ፤ የእኛ ሰላምታ እሱ ነው። እሱም ጣቱን ያነሳል። መክተፊያው ከሼዱ ወጥቶ ደጅ ቆሞ አየሁት፤ አፉን ወደ መንገዱ አዙሯል። ለሌላ ሰው ሊሄድ ነው ብዬ ቅር አለኝ።

«ቨርሊን፣ ግንቡ ባዶ ነው» አለችኝ አርሊስ።

«አውቃለሁ።»

«ዴልማር መክተፊያ አለው።»

«እሱንም አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?»

«ሦስተኛውን።»

ሌላ አገር ያደገች ሚስት ብትሆን «ምኑን?» ትለኝ ነበር። አርሊስ ግን ሹካዋን አስቀምጣ ጥቂት አሰበች።

«ሁለቱን የት የት ጠየቀህ?»

«አንዴ አጥሩ ጋ፣ አንዴ ዓሣው ላይ።»

«እንግዲያው ይመጣል» አለች።

ሌላ ሳምንት አለፈ። በዚህኛው መጨረሻ ላይ ድምፅዋ የአውቶብስ ድምፅ ሆነ።

«ስማኝ አንተ ሰውዬ። የተራበ ላም አላልብም። ከብት ጫኙን ጌለንን አናግሬዋለሁ። በኅዳር ከሚከፈተው የአጋዘን አደን በፊት ባለው ሐሙስ የከብት መኪናውን ይዞ ይመጣል። የዚያን ቀን ለበረዶው ወራት የሚበቃ ምግብ ካሳየኸኝ ባዶውን ይመለሳል። ካላሳየኸኝ ሃያ ስድስቱንም ይጭናል።»

«ለምን ሐሙስ?»

«አደኑ ቅዳሜ ከተከፈተ በኋላ እዚህ አገር የሚሠራ ወንድ አይገኝማ።»

በሦስተኛው ቀን ጥርሴን ለመታየት ሄጄ ተራ ስጠብቅ አንድ የእርሻ መጽሔት አገኘሁ። በውስጡ የሌላ ክፍለ አገር ሰው አለ፤ ንጹሕ ኮፍያ አድርጓል። መክተፊያም ግንብም የለውም። በቆሎውን በተራ የድርቆሽ ማጨጃ አጨደው፣ በተራ የድርቆሽ ማሰሪያ አንከባሎ አሰረው፣ በላስቲክ ጠቀለለው፣ አለቀ። ጥቅሎቹ ከጀርባው ተደርድረዋል፣ እሱም ፈገግ ብሏል። ያን ፈገግታ ሳይ መጠርጠር ነበረብኝ። ገበሬ በመስከረም ፈገግ አይልም። ግን ማጨጃ አለኝ፣ ማሰሪያ አለኝ፣ የላስቲክ መጠቅለያ ማሽንም አለኝ። ሁሉም አለኝ! ማንንም ሳልጠይቅ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ። ሐኪሙ ጥርሴን ሲቦረቡር እንኳ ደስ ብሎኝ ነበር።

ዘጠኝ ኤከር ሰማንያ ጥቅል ያህል ይወጣዋል ብዬ ገመትኩ። ድርቆሽ ስጠቀልል አራት ድርብ አደርጋለሁ፤ በዚያ ሒሳብ ሦስት ጥቅልል ላስቲክ በቂ ነው። ሦስት ገዛሁ። ሻጩ «ለምንድነው?» ሲለኝ «ለበቆሎ» አልኩት። መልሴን ቆጥሮ ሰጠኝ። በማግስቱ አገሩ ሁሉ ያውቅ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ማጨድ ጀመርኩ። ማጨጃው ለሣር የተሠራ ነው፤ በቆሎ ሲያገኝ የሚያወጣው ድምፅ በሕይወቴ ሰምቼው የማላውቅ ነበር። ግን ቆረጠው። ከቁርጭምጭሚት በላይ ጉቶ አስተረፍኩ፤ አፈር እንዳይገባ፣ በድርቅ ጊዜ ደግሞ በቆሎ ውስጥ የሚጠራቀመው መርዝ ያለው በአገዳው ሥር ስለሆነ። እስከዚህ ብልህ ነበርኩ። ከዚያ ልማድ ሆኖብኝ የመጀመሪያውን መስመር በድርቆሽ መሰብሰቢያው ሰበሰብኩት። መሰብሰቢያው በቆሎውንም ሰበሰበ፣ አፈሩንም ሰበሰበ፣ ሁለት ድንጋይና አባቴ ከሠላሳ ዓመት በፊት የጣለውን መፍቻም ሰበሰበ። መፍቻው ገና ይሠራል።

ዓርብ ማሰር ጀመርኩ። ማሰሪያው አገዳውን እየጎተተ ወደ ሆዱ ሲያስገባ ዛላዎቹ ከጎን እየተስፈነጠሩ ይወጣሉ። አንዱ የትራክተሩን የኋላ መስኮት መታው፣ አንዱ ኮፍያዬን ይዞት ሄደ። በየአሥር ደቂቃው አፉ ይታነቃል፤ እወርዳለሁ፣ ሞተሩን አጠፋለሁ፣ በእጄ እየጎተትኩ አወጣለሁ፣ እወጣለሁ።

በአራተኛው ስወርድ ቀና ብዬ መንገዱን አየሁት። አምስት ፒክ አፕ ቆሟል። ሞተር አላጠፉም፤ እያለፉ ነው እንዲባል። አንዱ ቡና ይዟል። ከመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ አንዱ ሽማግሌ ጮክ ብሎ፣

«ቨርሊን! ይሄ ለየት ያለ ነው!» አለኝ።

በእኛ አገር ከዚህ የከፋ ስድብ የለም። የልጅህን ቤት የሚያቃጥልብህ ሰው እንኳ «ለየት ያለ ነው» አይልህም።

«እያየን ነው!» አልኩት።

«እኛም እያየን ነው!» አለኝ።

ዴልማርም መጣ። አጥሩ ላይ ተደግፎ አንድ ጥቅል ከማሰሪያው ጀርባ ተንከባሎ ሲወጣ አየ። ይኸው አሁን ይለኛል፣ ሦስተኛው ይኸው መጣ አልኩ። ዴልማር ጥቅሉ መንከባለሉን እስኪያቆም ጠበቀ።

«በርታ» አለኝ። መኪናው ውስጥ ገብቶ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ዛላዎቹ እንኳ ያዘኑልኝ መሰለኝ፤ ጥቂት ጊዜ መወርወራቸውን ተዉ።

ቅዳሜ ጠዋት ሁሉም ታስሮ አለቀ። ቆጠርኩ፤ ሰማንያ ሳይሆን ዘጠና ሰባት ነው። ደስ ሊለኝ ሲል ላስቲኩ ትዝ አለኝ። ግን የመጠቅለያው ማሽን ይዞራል፣ ነጩ ላስቲክ ይጠመጠማል፣ ሥራው ያምራል። ሃያ ጥቅል በአራት ድርብ ጠቅልዬ ጎተራው አጠገብ ደረደርኩና ወደ ኋላ ሄጄ አደነቅኩ። ስጠጋ ግን ሌላ ነገር አየሁ። የተቆረጠ የበቆሎ አገዳ ጫፉ እንደ መርፌ ነው። ከእያንዳንዱ ጥቅል አምስት፣ ስድስት አገዳ ላስቲኩን በስቶ አፍንጫውን አውጥቷል። አየር የሚገባበት ቀዳዳ ማለት ነው። የመጽሔቱ ሰውዬ ይህን ሳይጽፍ የቀረ እንደሆነ ወይም እኔ ወደ ሐኪሙ ስጠራ ያላነበብኩት እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ቀሪዎቹን በስምንት ድርብ መጠቅለል ጀመርኩ። ስምንት ድርብ ቻለው። ችግሩ ስምንት የአራት እጥፍ መሆኑ ነው። በአርባ ዘጠነኛው ጥቅል ላይ የመጨረሻው ላስቲክ ተጣጥሮ አለቀ። ከሰዓት ስምንት ሰዓት ሆኗል፤ መደብሩ ቅዳሜ በስድስት ሰዓት ይዘጋል፤ ሰኞ ነው የሚከፍተው። አርባ ስምንት ጥቅል ራቁቱን ፀሐይ ላይ ተቀምጧል። ክንዴን አንዱ ውስጥ ከተትኩት፤ ሙቅ ነው። ጠዋት የታሰረ ነው እንጂ ትናንት የታሰሩትማ እጅ አያስይዙም ነበር። እስከ ሰኞ ማዳበሪያ ይሆናሉ።

አርሊስ ጎተራው በር ላይ ቆማለች።

«የዴልማር ሼድ ውስጥ ላስቲክ አለ» አለች።

«የለውም አላልኩም።»

«ሂድና ጠይቀው።»

«አርሊስ፣ እኔ እንዴት እጠይቃለሁ? እሱ ነው የሚጠይቀው።»

ወደ ላሞቹ ዞረች። ሁሉም በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው በቆሎውን እያዩ ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ፒክ አፑ ውስጥ ገባሁ።

የዴልማር ወጥ ቤት ውስጥ ዴልማርና ባለቤቱ ማርደል ተቀምጠዋል። ገብቼ ተቀመጥኩ። ስለ አየሩ አወራን። ዝናብ ሊመጣ እንደሚችል ተስማማን፣ ላይመጣ እንደሚችልም ተስማማን። ማርደል የፖም ኬክ አቀረበች።

«ትንሽ ቅመስ።»

«አይ፣ አሁን ነው የበላሁት።»

«ትንሽ ብቻ።»

«ጠግቤያለሁ ማርደል፣ የምሬን ነው።»

«ቆርጬዋለሁ እኮ።»

«እንግዲህ ከቆረጥሽው።»

ኬኩን በላሁ። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ይቆጥራል። እዚያ ማዶ አርባ ስምንት ጥቅል እየበሰለ ነው፤ እኔ ደግሞ የማርደል እህት ዳሌዋን በተሠራችው ቀዶ ጥገና ላይ አስተያየት እየሰጠሁ ነው። ስለ ዳሌ ምንም አላውቅም።

በመጨረሻ ዴልማር የቡና ሲኒውን እያዞረ፣ እኔን ሳያይ፣

«ላስቲክ በቅቶሃል መቼም» አለ። «እኔ ጋ አምስት ጥቅልል ተርፎኝ ሼድ ውስጥ ተኝቷል። ምናልባት ከፈለግክ።»

ስልሳ አንድ ዓመት ሆኖኛል። አፌ ስልሳ አንድ ዓመት ሙሉ ለአንድ መልስ ተቀርጾ ያደገ ነው፤ ከንፈሬ ራሱ ተንቀሳቀሰ። ሁለት ጊዜ እምቢ ብል፣ ሦስተኛውን ብጠብቅ፣ እንዲያው በደህናው ቀን እንኳ በዴልማር ፍጥነት እስከ ማክሰኞ ይወስዳል። የላሞቹ አንገት ትዝ አለኝ።

«እፈልጋለሁ» አልኩ።

ማርደል ቢላዋውን አስቀመጠች።

«ምን አልክ?» አለ ዴልማር።

«እፈልጋለሁ አልኩ። አምስቱንም። አሁን።»

ዴልማር ወደ ማርደል አየ፤ ማርደል ወደ መስኮቱ አየች፤ የእኔ መኪና መሆኑን ልታረጋግጥ መሰለኝ።

«አሞሃል እንዴ አንተ ሰውዬ?» አለኝ ዴልማር ቀስ ብሎ።

«ደህና ነኝ።»

ፊቱ ቀላ። «እንግዲያው ንገረኝ። መክተፊያውን ሦስቴ ልስጥህ ብዬ ሦስቴ እምቢ አልከኝ። ከሦስቴ በኋላ ሰው ምን ማለት ይችላል? መክተፊያዬ አይበቃህም፣ እኔም አልበቃህም ማለት ነው። አሁን ለላስቲክ ሲሆን አንዴ ይበቃሃል?»

«ሁለቴ ነው የጠየቅኸኝ።»

«ሦስቴ ነው!»

«አጥሩ ጋ አንዴ፣ ዓሣው ላይ ሁለት። ይኸው ጣቴ።»

«የኦስካር ቀብር ላይስ?»

«ቀብር አይቆጠርማ!»

«ለምንድነው የማይቆጠረው?»

«ቀብር ላይ ሰው ሁሉ ሁሉን ነገር ነው የሚሰጠው! ቄሱ ጀልባውን ልስጥህ ብሎኛል። ሄጄ ጀልባውን ልውሰድበት?»

«እኔ ከልቤ ነበር።»

«ሳንድዊች እያኘክ ነበር።»

«እያኘከ ከልቡ መናገር የማይችል ሰው አለ?» አለ ዴልማር። ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ። «ቨርሊን፣ መክተፊያውን አወጣሁት። ቅባት ቀባሁት። አፉን ወደ አንተ ቤት አዙሬ ሦስት ሳምንት ደጅ አቆምኩት። በየቀኑ በትራክተር ታልፋለህ፣ ታየዋለህ፣ ጣትህን አንስተህ ትሄዳለህ።»

የተረፈችውን የኬክ ፍርፋሪ በሹካዬ አሳደድኩ።

ማርደል ጉሮሮዋን ጠረገች። «ቀብር ግማሽ ነው የሚቆጠረው» አለች። «እናቴም እንዲህ ነበር የምታደርገው።»

ሁለት ተኩል። ዴልማር አሰበበት። እኔም አሰብኩበት። ፍትሐዊ ነበር፤ ሁለታችንንም አላስደሰተም።

«ተነስ እንጂ ታዲያ» አለኝ ዴልማር። «ኬክ ስትበላ በቆሎህ ተቀቀለ።»

የራሱን ትራክተር ይዞ መጣ። ግቢዬ ገብቶ የመጀመሪያዎቹን ሃያ ጥቅሎች ሲያይ ቆመ። «ምነው፣ ጃርት ማርባት ጀመርክ?» አለኝ። በጣም የጋሉትን ሦስቱን ፈትተን በተንን፣ አቀዝቅዘን መልሰን አሰርን። እሱ ጥቅሉን ያነሳል፣ እኔ ማሽኑን አዞራለሁ፣ አርሊስ የተበሳውን በላስቲክ ፕላስተር ትለጥፋለች። ሥራው ውስጥ ስለ መክተፊያው ማንም አላነሳም። አርባ ስምንቱ በስምንት ድርብ ሲያልቁ ፀሐይ ኮረብታው ላይ ነበረች፤ ላሞቹ የመታለቢያ ሰዓታቸው አንድ ሰዓት አልፎ እየጮኹ ነበር፤ ከላስቲኩም አንድ ጥቅልል ተርፎ ነበር።

ዴልማር ጀርባውን እየያዘ ወደ ሃያዎቹ ጃርቶች ጠቆመ። «እነዚያንም እንድገማቸው?»

«አይ፣ ግዴለም፣ ይበቃቸዋል» አልኩት።

ልማድ ነው። ከአፌ እንደወጣ አወቅኩት። ሁለተኛውን ጠበቅኩ። ዴልማር ግን ደክሞታል፤ ጣቱን አንስቶ ሄደ። በአንድ ቀን ሁለቴ የመጀመሪያ ጥያቄ ላይ እሺ ማለት ከአንድ ሰው አይጠበቅም፣ ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

የኅዳሩ ሐሙስ ደረሰ። ጌለን የከብት መኪናውን ወደ ኋላ እያስገባ ጎተራው በር ላይ አቆመው። ገና ወጣት ነው፤ ብርቱካናማ የአደን ኮፍያውን ሁለት ቀን ቀደም ብሎ አድርጎታል።

«አርሊስ፣ ስንት ናቸው?»

«እናያለን» አለች አርሊስ። እጇን አጣጥፋ እኔን አየች። ዴልማርም መጥቷል፤ የተዋሰውን መሰላል ሊመልስ ነው ብሏል። መሰላሉ የራሱ ነው።

ቅርብ የነበረውን ጥቅል በትራክተሩ ሹካ አነሳሁትና ላስቲኩን በቢላዋ ቀደድኩት። ቅርብ የነበሩት ጃርቶቹ ነበሩ። ላስቲኩ ሲከፈት ሰማያዊ ሻጋታ ከላይ እስከ ታች፣ ሽታው ደግሞ እርጥብ ካልሲ ውስጥ የተረሳ አይብ ነው። አንዷ ላም ቀርባ አሸተተች፤ አሸተተችና በቀጥታ እኔን አየችኝ። ላም እንዲህ እንደምታይ አላውቅም ነበር።

ጌለን የመኪናውን የኋላ በር መወርወሪያ ፈታ።

«ቆይ እንጂ!» አልኩ። ድምፄ ተሰበረ፤ ዴልማር መሰላሉን መረመረ። «ይሄ የሃያዎቹ ነው። ከስምንት ድርቦቹ ላምጣ።»

«ሂድ» አለች አርሊስ።

ሄድኩ። እስከ ማሳው ጫፍ ሁለት መቶ እርምጃ ነው፤ ትራክተሩ በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ዘገምተኛ ሆኖ አያውቅም። ከመሃሉ አንዱን አነሳሁ፣ አመጣሁ፣ በላሞቹ ፊት አስቀመጥኩት። ቢላዋዬን ሰካሁ። ከቀዳዳው የወጣው ሽታ ኮምጣጣ ነው፣ ጣፋጭም ነው፤ ፖም በርሜል ውስጥ ሲፈላ ዓይነት። ላስቲኩን ገፈፍኩት። በቆሎው የወይራ ቅጠል መልክ ይዟል፤ ዛላዎቹ ገና ቢጫ ናቸው፤ እፍኝ አንስቼ ጨበጥኩት፣ እጄን አረጠበው፣ አላንጠባጠበም።

ያቺው እኔን ያየችኝ ላም መጣች። አንድ አገዳ ጎተተች። አኘከች። ቆመች። ከዚያ ራሷን እስከ ጆሮዋ ጥቅሉ ውስጥ ከተተችው። ሌሎቹ ጎኗን እየገፉ መጡ። ከዚያ በኋላ የሚሰማው ማኘክ ብቻ ነበር፤ ሃያ ስድስት አፍ።

አርሊስ ራሷ ሄዳ ሦስት ተጨማሪ ጥቅል አሸተተች፤ እኔን አላመነችኝም። ተመልሳ መጥታ ቆጠረች። «ከሃያዎቹ አሥራ አንዱ ይጣላሉ። ሰማንያ ስድስት ይቀራል። ካለችን ድርቆሽ ጋር እስከ መጋቢት ያደርሳል። መጋቢት ላይ ሣሩ ካልመጣ ሌላ እንነጋገራለን።» ወደ ጌለን ዞረች። «ባዶህን ነው የምትሄደው ልጄ። ግባና አንድ ነገር ቅመስ።»

«አይ አርሊስ፣ ይቅርብኝ።»

«ሾርባ አለ።»

«መንገድ አለብኝ እኮ፣ የምሬን።»

«ሳህን ላይ አድርጌዋለሁ።»

«እንግዲህ ሳህን ላይ ካለ» አለ ጌለን፤ ኮፍያውን አወለቀ።

እኔና ዴልማር አጥሩ ላይ ተደግፈን ቀረን። ላሞቹን እናይ ነበር። ሰማዩ የበረዶ ሽታ ነበረው።

«አሥራ አንዱ» አለ ዴልማር። «እንድገማቸው ብዬህ ነበር።»

«አንዴ ነው ያልከኝ።»

«ደክሞኝ ነበር።»

«እንደዚያ መስሎኛል።»

ዴልማር እግሩን የአጥሩ ታችኛ እንጨት ላይ ጫነ።

«በሚመጣው ዓመት መክተፊያውን ይዤ እመጣለሁ» አለ። «በመስከረም የመጀመሪያው ሳምንት። ይሄ የጃርት ሥራ ለሽማግሌ አይሆንም።»

«አይ፣ አትቸገር» አልኩት።

ዴልማር አንድ ጣቱን አነሳ። እንደ ሰላምታ አይደለም፤ ቀጥ አድርጎ፣ እስካየው ድረስ ያዘው። ከዚያ ወደ ወጥ ቤቱ መስኮት ዞሮ ያንኑ ጣት ለአርሊስ አሳያት። እሷም ከመስታወቱ ጀርባ ራሷን ነቀነቀች።

ማታ ላልብ ስሄድ የወተት ቤቱ ግድግዳ ላይ ያለው የሚመጣው ዓመት የቀን መቁጠሪያ መስከረም ላይ ተከፍቶ አገኘሁት። «ዴልማር፣ መክተፊያ» ይላል፤ ከጎኑ በእርሳስ አንድ ጭረት ተሰምራለች። ከሥሩ በአርሊስ እጅ ጽሑፍ፦ ቀብር ካለ ግማሽ።